ቃሉ በየቋንቋው፤ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የተጻፈውን በምን ሚዛን እንመዝነው?

በዓለ ጰራቅሊጦስ የቋንቋ በዓል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጌታችን በተነሣ በኀምሳኛው፣ ባረገ በዐሥረኛው ቀን፣ በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ይጸልዩ በነበሩት ሐዋርያት ላይ መንፈስ ቅዱስ በእሳት ልሳን አምሳል መውረዱን፣ እነርሱም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቀድሞ በማያውቁት ቋንቋ መናገር መጀመራቸውን ቅዱስ ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ ጽፎልናል። ከጳርቴና ከሜድ፣ ከግብፅና ከሮም፣ ከቀርጤስና ከዐረብ ለበዓል የመጣው ሕዝብ የገሊላ ሰዎች በየአገሩ ቋንቋ ሲናገሩ ሰምቶ ተደነቀ። አባቶቻችን ይህን ዕለት የቤተ ክርስቲያን የልደት ቀን ይሉታል።

በዓሉ የሚያስተምረን አንድ ታላቅ ነገር አለ። ምሥራቹ በአንድ ቋንቋ ታጥሮ እንዲቀር አልተፈቀደም፤ ሰው ሁሉ ቃሉን በእናቱ ቋንቋ ይሰማ ዘንድ ተሰጠው። ቅዱሳት መጻሕፍትን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ለመመለስ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን የሰጡት፣ አንዳንዶቹም ሕይወታቸውን የከፈሉት ስለዚህ ነው። ዛሬ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ከ700 በሚበልጡ ቋንቋዎች ይነበባል።

የዚህ ሥራ ታሪክ ደግሞ ራሱን የቻለ ንባብ ሆኗል። ቀድሞ ታሪኩን ለልጅ የሚነግረው የኔታ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን ስለ ትርጉም ታሪክ ማወቅ ሲፈልጉ የሚከፍቱት ኢንሳይክሎፒዲያ የተባለውን መዝገበ ዕውቀት ነው። መክፈታቸው መልካም ነው። ነገር ግን በዚያ ገጽ ላይ የሰፈረው ጽሑፍ ደኅና ሥራ መሆኑንና አለመሆኑን ቤተሰብ በምን ያውቃል? በዛሬው የበዓል ገጻችን ልናነሣ የወደድነው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

የአንዲት ተማሪ ጽሑፍ

ነገሩን ያነሣሣን በጎረቤታችን ቤት የሆነ ጉዳይ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነች ልጅ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ታሪክ አጭር ጽሑፍ እንድታቀርብ በትምህርት ቤቷ ታዘዘች። ልጅቱም በባዕድ ቋንቋ የተዘጋጀ አንድ መዝገበ ዕውቀት አንብባ ጽሑፏን አዘጋጀች፤ ከፍ ያለ ነጥብም አገኘችበት። ማታ ቡና በተፈላበት ሰዓት ለአያቷ አነበበችላቸው። እኛም ከቡናው ታዳሚዎች መካከል ነበርን። አያቷ በወጣትነታቸው ከቅኔ ቤት ተነሥተው ሐዲሳትን የተማሩ፣ ዛሬ ግን ዐይናቸው የደከመ አረጋዊ ናቸው።

ልጅቱ፣ ኢትዮጵያውያን መጽሐፍ ቅዱስን በቋንቋቸው ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1840 በለንደን ከታተመ በኋላ ነው ከሚለው ዐረፍተ ነገር ስትደርስ አዛውንቱ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት።

«ይህን ማን አለሽ፣ ልጄ?» አሏት።

«መጽሐፉ ነው፣ አባባ። መምህራችንም ትክክል ብለውልኛል» አለች።

«እንግዲያስ እኔ በሰባት ዓመቴ ዳዊት የደገምሁት በምን ቋንቋ ኖሯል?»

በቤቱ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጅቱ ግን አልሳቀችም፤ ዐይኗ እንባ አቀረረ። በሙሉ ልብ ጽፋ፣ በሙሉ ልብ አምናው ነበርና። አያቷም የልጅቱን ማዘን ባዩ ጊዜ ንግግራቸውን አለዝበው፣ «መጽሐፉን አምጪውና አብረን እንየው» አሏት።

እኛም አብረን ተመለከትነው። ጽሑፉ ረዘም ያለና በጥሩ ቋንቋ የተጻፈ ነበር። ልጅቱ የጻፈችውን ዐረፍተ ነገር ግን ከዚያ ውስጥ አላገኘነውም። ጽሑፉ የሚለው፣ የብሪታንያና የውጭ አገር የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1840 ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በኢትዮጵያ ቋንቋ ማሳተሙን ነው። ከዚህ ብዙ ገጾች ቀደም ብሎ፣ ስለ ጥንታውያን ትርጉሞች በሚያወሳው ክፍል ውስጥ፣ «ኢትዮፒክ» የሚባል ትርጉም እንደ ነበረ በሁለት መሥመር ተጠቅሷል። ይህ «ኢትዮፒክ» የተባለው ግእዝ መሆኑን ግን ጽሑፉ አልነገራትም። የ1840ው መጽሐፍ የአማርኛ መሆኑንም አልነገራትም። እነዚህን ሁለት ነገሮች የማያውቅ አንባቢ ልጅቱ ከደረሰችበት ድምዳሜ ቢደርስ የሚያስደንቅ አይደለም።

እንግዲህ ከጽሑፉ ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ አንዱም ሐሰት አልነበረም ለማለት ይቻላል። አንባቢው ግን ሐሰት ይዞ ወጣ። አንድ የመዝገበ ዕውቀት ጽሑፍ ቀኑንና ቁጥሩን አስተካክሎ እየጻፈም ሊያሳስት እንደሚችል ያን ምሽት ተረዳን። ስለዚህ የጽሑፉን ጥራት ለመመዘን ያለበትን ስሕተት መልቀም ብቻውን አይበቃም፤ የተዉትንም መጠየቅ ያስፈልጋል።

አዛውንቱም በጉባኤ ቤት ልማድ ጥያቄ ያስቀምጡ ጀመር። ከምን ቋንቋ ተተረጐመ? ማን ተረጐመው? ምስክሩ ምንድን ነው? ስንት መጻሕፍት ናቸው? ምን ቀረ? እኛም እነዚህን ጥያቄዎች በየተራ ለመከተል ወደድን።

ከምን ቋንቋ ተተረጐመ?

ስለ ትርጉም የሚጽፍ ሰው በቅድሚያ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው። ትርጉም ከምንጩ የሚቀዳ ውኃ ነውና፣ ምንጩ ካልታወቀ የውኃው ጣዕም ከወዴት እንደ መጣ አይታወቅም።

የብሉይ ኪዳን መጻሕፍት በብዛት የተጻፉት በዕብራይስጥ ነው። በግብፅ ይኖሩ የነበሩት አይሁድ ዕብራይስጡን እየረሱ ግሪክኛ መናገር በጀመሩ ጊዜ፣ በ3ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ኦሪት በእስክንድርያ ወደ ግሪክኛ ተመለሰች፤ የቀሩትም መጻሕፍት በተከታታይ ተተረጐሙ። ይህ ትርጉም የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ይባላል። የግእዙ ብሉይ ኪዳን መሠረት ይኸው የግሪክ ትርጉም መሆኑን፣ የሐዲስ ኪዳኑም ትርጉም ከግሪክኛ መቀዳቱን መጻሕፍቱን ያመሳከሩ ሊቃውንት ያስረዳሉ።

የምንጩ ጉዳይ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማየት የትንቢተ ኢሳይያስ 7ኛ ምዕራፍ 14ኛ ቁጥር ይበቃል። በዚያ ስፍራ የዕብራይስጡ ቃል ወጣት ሴትን ያመለክታል፤ ሰብዓ ሊቃናት ግን በግሪክኛ ድንግል የሚለውን ቃል አኖሩ። ቅዱስ ማቴዎስም በወንጌሉ የጠቀሰው ይህንኑ ነው፤ የግእዙም መጽሐፍ ይህንኑ ተከትሏል። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ የታተመው የተሻሻለው የእንግሊዝኛ ትርጉም በዚህ ቦታ ወጣት ሴት የሚለውን ቃል ባስገባ ጊዜ በዚያ አገር ክርስቲያኖች መካከል ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንድ ጽሑፍ ይህን የመሰለውን ክርክር ሲያወሳ የሁለቱንም ወገን ምንጭ ካላሳየ፣ አንባቢው አንዱን ወገን አላዋቂ፣ ሌላውን ከሐዲ አድርጎ ይፈርዳል።

ስለ ግእዙ ትርጉም ደግሞ፣ ቀደም ባለው ዘመን ወንጌሉ ከሶርያ ቋንቋ እንደ ተተረጐመ ያስተማሩ ሊቃውንት ነበሩ። ለዚህም እንደ ማስረጃ ከቀረቡት አንዱ፣ ኦሪት፣ ሃይማኖትና ጣዖት የመሳሰሉት ቃላት ከአራማይስጥ መምጣታቸው ነው። ፖሎትስኪ የተባሉት የሴማውያን ቋንቋዎች ሊቅ ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጡት ጥናት፣ እነዚህ ቃላት ከሶርያ መምህራን ሳይሆን ከአይሁድ አራማይስጥ የገቡ ስለሆኑ ለሶርያው ምንጭ ማስረጃ ሊሆኑ እንደማይችሉ አሳዩ። ስለዚህ የግእዝ ወንጌል ከሶርያ ቋንቋ ተተረጐመ ብሎ ያለ ምንም ማብራሪያ የሚያልፍ ጽሑፍ ብናገኝ፣ ጸሐፊው የቆየ መጽሐፍ ገልብጦ እንጂ የቅርቡን ጥናት ተመልክቶ እንዳልጻፈ እንረዳለን።

ትውፊቱና ምስክሩ

ሁለተኛው ጥያቄ የምስክር ጥያቄ ነው። የአገራችን ትውፊት ብሉይ ኪዳን በቀዳማዊ ምኒልክ ዘመን ከኢየሩሳሌም እንደ መጣ፣ ወንጌልን ከግሪክ ወደ ግእዝ በመመለስ ረገድም ተሰዓቱ ቅዱሳን ታላቅ ድርሻ እንደ ነበራቸው ይናገራል። ስለ አባ ገሪማም ወንጌሉን በአንድ ቀን ጽፎ እንደ ፈጸመና፣ ሥራው እስኪያልቅ ፀሐይ እንዳትጠልቅ እግዚአብሔር እንዳቆመለት ይነገራል።

መልካም ጽሑፍ ይህን ትውፊት አይንቅም፤ ከቁሳዊው ማስረጃ ጋርም አያደባልቀውም። ትውፊቱን ትውፊት ነው ብሎ ይጽፋል፤ ማስረጃውን ከጎኑ ያኖራል። ለምሳሌ በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ካሌብ ካስቀረጹት የድንጋይ ጽሑፍ ላይ የመዝሙረ ዳዊት ቃል በግእዝ ተጠቅሶ ይገኛል። ይህም ዳዊት በዚያ ጊዜ በግእዝ ይታወቅ እንደ ነበረ የሚመሰክር ድንጋይ ነው። በጥቅሉ ሲታይ የግእዙ ትርጉም ሥራ ከ4ኛው እስከ 6ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ እንደ ተከናወነ ሊቃውንት ይስማማሉ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ አስደናቂው ምስክር ግን በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኘው የብራና ወንጌል ነው። የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ወንጌል ለብዙ ጊዜ የ10ኛው ወይም የ11ኛው መቶ ዓመት ሥራ አድርገው ይገምቱት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ግን ከብራናው የተወሰደ ቍራጭ በኦክስፎርድ በካርቦን ዘዴ በተመረመረ ጊዜ፣ ዘመኑ ከ330 እስከ 650 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባለው ውስጥ ሆኖ ተገኘ። በሥዕል ያጌጡ ሆነው ወደ ዘመናችን ከደረሱት የወንጌል መጻሕፍት ሁሉ እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት አንዱ ሆነ ማለት ነው። ምርመራው ፀሐይ መቆሟን አልመረመረም፤ ሊመረምርም አይችልም። ነገር ግን መነኮሳቱ መጽሐፋችን ከአባታችን ዘመን ነው እያሉ በትውልድ ቅብብል የጠበቁት ቃል ከምሁራኑ ግምት ይልቅ ለእውነት የቀረበ ሆኖ መገኘቱን አሳየ።

ስለዚህ በእጃችን ያለው መዝገበ ዕውቀት የገሪማን ወንጌል የ10ኛው ወይም የ11ኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው ቢል፣ የታተመበትን ዓመት ገልጠን እንመልከት። ምናልባት በጊዜው ትክክል ነበር፤ ዛሬ ግን አርጅቷል። የጽሑፉን ዕድሜ ማወቅ ከምዘናው አንዱ ክፍል ነው።

በዚህ ረገድ የስም መመሳሰልም ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ4ኛው መቶ ዓመት ከቅዱስ አትናቴዎስ ተሹመው የመጡት ከሣቴ ብርሃን ሰላማ አሉ። በ14ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ብዙ መጻሕፍትን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ በመመለሳቸው መተርጉም የተባሉት አቡነ ሰላማ አሉ። ሁለቱን አንድ ያደረገ ጸሐፊ በአንዲት ስም ምክንያት የአንድ ሺህ ዓመት ስሕተት ይፈጽማል፤ የግእዙንም ወንጌል ከመጀመሪያው ከዐረብኛ የተቀዳ ያስመስለዋል።

የተርጓሚው ስም

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማን ተረጐመው? የሚለው ነው። ልጅቱ ባነበበችው ጽሑፍ ውስጥ ያሳታሚው ማኅበር ስም ተጽፏል፤ የተርጓሚው ግን አልተጻፈም። አዛውንቱን ከሁሉ ይልቅ ያሳዘናቸውም ይህ ነበር።

የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ የተረጐሙት አባ አብርሃም ናቸው፤ ባዕዳን አቡ ሩሚ ይሏቸዋል። የጎጃም ተወላጅ ነበሩ። በኢየሩሳሌም፣ በፋርስና በህንድ ሳይቀር ብዙ አገር ዞረው በመጨረሻ ካይሮ ደረሱ። በዚያም አስሊን ደ ሸርቪል ከተባሉት የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም ጋር ተዋውቀው የትርጉሙን ሥራ ጀመሩ። ዐሥር ዓመት ያህል፣ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ሁለቱ በር ዘግተው ይቀመጡ ነበር። የዐረብኛውን ንባብ ቍጥር በቍጥር አብረው ያነባሉ፤ የከበደውን ቃል አስሊን ከዕብራይስጡ፣ ከሶርያውና ከሰብዓ ሊቃናት እያመሳከሩ ያስረዳሉ፤ አባ አብርሃም በአማርኛ ይጽፋሉ። ሥራው ሲፈጸም 9,539 ገጽ ሆነ። አባ አብርሃም ግን ድካማቸው ታትሞ ሳያዩት እ.ኤ.አ. በ1819 ገደማ በካይሮ በወረርሽኝ በሽታ ዐረፉ።

የእጅ ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1820 ዊልያም ጆወት የተባሉት ሰው ለእንግሊዙ ማኅበር ገዙት። ቶማስ ፔል ፕላት አዘጋጅተውት በመጀመሪያ አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ቀጥሎ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ በመጨረሻም ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። እንግዲህ በመዝገቡ ላይ 1840 የሚለውን ቍጥር ብቻ ያየ ሰው የማተሚያውን ቀለም ያያል፤ ማክሰኞና ቅዳሜ የፈሰሰውን ላብ ግን አያይም።

እንዲህ ያለው መዘንጋት በአባ አብርሃም ብቻ የደረሰ አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው በባርነት ተሽጠው፣ በምጽዋ ነፃ ወጥተው፣ ተምረው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሱ ሰው ናቸው። መጽሐፉ በግእዝ ፊደል ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊስ አገር ታተመ። በዚህ ሥራ አስቴር ጋኖ የተባለች፣ እርስዋም ከባርነት የወጣች ሴት፣ በቋንቋ ዕውቀቷ ብዙ ደክማለች። የኦነሲሞስን ስም ጠቅሶ የአስቴርን የሚተው ጽሑፍ አሁንም አልሞላም።

ስለ ሕትመት ሲነሣም የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን መዘንጋት የለባቸውም። በሮም በሚገኘው የኢትዮጵያውያን ገዳም ተቀምጠው የግእዙን ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 አሳተሙ። አንግዲህ የግእዙ ሐዲስ ኪዳን ከለንደኑ አማርኛ መጽሐፍ ወደ 300 ዓመት ገደማ ቀድሞ በማተሚያ ቤት አልፏል ማለት ነው። አባ ተስፋ ጽዮን በመጽሐፉ ላይ ባኖሩት ቃል፣ ፊደሉን የለቀሙት ሠራተኞች ግእዝ ማንበብ የማይችሉ፣ እነርሱም የማተሙን ጥበብ የማያውቁ እንደ ነበሩ ገልጸው፣ ስለ ተገኘው ስሕተት አንባቢውን ይቅርታ ጠይቀዋል። የጎደለውን የሚናዘዝ ጸሐፊ የታመነ ነው። የመዝገበ ዕውቀት ጽሑፍም እርግጠኛ ያልሆነበትን ስፍራ ቢያመለክት ክብሩ አይቀንስበትም።

ስንት መጻሕፍት?

አራተኛው ጥያቄ የቍጥር ጥያቄ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ስንል የሁሉም አብያተ ክርስቲያናት መጽሐፍ በቍጥር አንድ አይደለም። ፕሮቴስታንቶች 66 ይቆጥራሉ፤ ካቶሊኮች 73 ይቆጥራሉ፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 81 ትላለች። ይህንንም 46 የብሉይና 35 የሐዲስ አድርገው የሚቈጥሩ አሉ፤ አቈጣጠሩ በሁሉም መጻሕፍት አንድ ዓይነት አለመሆኑንም ጠንቃቃ ጸሐፊ ያመለክታል። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ የሚል ሰው እንግዲህ፣ ሙሉ የሚለው በማን ቍጥር ነው? ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል። የእንግሊዙ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1826 ዲዩትሮካኖኒካል የሚባሉትን መጻሕፍት ላለማተም ወስኖ ስለነበር፣ የ1840ው መጽሐፍ ለእነርሱ ሙሉ ቢሆንም ለእኛ ሊቃውንት ሙሉ አልነበረም።

የእነዚህ መጻሕፍት ነገር የቤተ ክርስቲያናችን የውስጥ ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ሙሉ ሆነው ለዓለም የተረፉት በግእዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ የሄኖክን ቅጂዎች ከጎንደር ይዞ እ.ኤ.አ. በ1773 አውሮፓ ገባ፤ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሱት። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የሄኖክ ቍርጥራጮች በአራማይስጥ፣ የኩፋሌም በዕብራይስጥ በተገኙ ጊዜ፣ የአባቶቻችን መጽሐፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከነበረ ምንጭ የተቀዳ መሆኑ ታወቀ። ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የሚያወሳ ጽሑፍ ይህን ካላነሣ፣ ትርጉም የጠፋውን ምንጭ ሊያድን እንደሚችል የሚያሳየውን እጅግ ግሩም ምሳሌ ትቷል።

ስፋቱና ልኩ

ልጅቱ ያነበበችው ጽሑፍ መልካም ጎንም ነበረው፤ ይህን አለመናገር ግፍ ነው። ስለ ማርቲን ሉተር የጀርመንኛ ትርጉም፣ ሐዲሱ በ1522፣ ሙሉው በ1534 እ.ኤ.አ. መታተሙን በትክክል ጽፏል። ዊልያም ቲንደል ሐዲስ ኪዳንን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1526 ማሳተሙን፣ በ1536ም መገደሉን በሚነካ ቃል ተርኳል። በንጉሥ ጄምስ ትእዛዝ ተዘጋጅቶ በ1611 የወጣውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ታሪክም አብራርቷል።

ጉድለቱ በልኩ ላይ ነው። ለአንድ ቋንቋ ከጽሑፉ እኩሌታ በላይ ተሰጥቶ፣ ለሶርያው፣ ለቅብጡ፣ ለአርመኑ፣ ለጆርጅያውና ለግእዙ በጋራ አንድ አንቀጽ ደርሷቸዋል። እነዚህ ግን ሕዝቦች ገና በክርስትና ማለዳ ቃሉን በየቋንቋቸው የሰሙባቸው ትርጉሞች ናቸው። ርእሱ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች የሚል ቢሆን ኖሮ ቅር ባላለን። የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ብሎ ርእስ የሰጠ ግን ለርእሱ የሚመጥን ስፋት ዕዳ አለበት።

ቤተሰብ በቀላሉ ሊመለከታቸው የሚችሉ ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ጽሑፉን ማን እንደ ጻፈው ተገልጿልን? የተጠቀመባቸው መጻሕፍት ተዘርዝረዋልን? በሐምቡርግ የተዘጋጀውና ከ2003 እስከ 2014 (እ.ኤ.አ.) በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤትዮፒካ በየጽሑፉ ሥር የጸሐፊውን ስምና የጥናቶቹን ዝርዝር ያኖራል፤ አንባቢ ሊሟገተው የሚፈልገውን ሰው ያውቃል። ደግሞም የትርጉሞችን ብዛት የሚጠቅስ ጽሑፍ የየትኛው ዓመት ቍጥር እንደሆነ ሊናገር ይገባዋል፤ ቍጥሩ በየዓመቱ የሚያድግ ነውና።

ሚዛኑ ከቤታችን አለ

ይህን ሁሉ ስናነሣ አዲስ ጥበብ የፈለሰፍን አይምሰለን። በ3ኛው መቶ ዓመት አርጌንስ የብሉይ ኪዳንን ዕብራይስጥና የግሪክ ትርጉሞቹን በስድስት ዐምድ ጎን ለጎን አሰልፎ፣ የተጨመረውንና የጎደለውን በምልክት ለይቶ ነበር። በእኛም ዘንድ የአንድምታ መምህር በአንድ ቃል ላይ የሚነገረውን ሁሉ «አንድም» እያለ ያሰልፋል፤ የላይ ቤቱንና የታች ቤቱን ትርጓሜ ይለያል፤ አብነት ይጠራል፤ ታሪክ ያመጣል። ተማሪው አንዱን ሰምቶ በዚያ እንዲቆም አይፈቀድለትም። መዝገበ ዕውቀትን ለመመዘን የሚያስፈልገው መንፈስም ይኸው ነው።

ስለዚህ ልጅ መዝገብ ገልጦ ሲመጣ፣ ይህ የፈረንጅ መጽሐፍ ነው ብሎ መንጠቅ አይገባም፤ በመጽሐፍ ተጽፏል ብሎ ዝም ማለትም አይገባም። ቅዱስ ፊልጶስ በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ የነበረውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ባገኘው ጊዜ፣ የሚያነበውን ያስተውል እንደሆነ ጠየቀው እንጂ መጽሐፉን አልዘጋበትም። ከአጠገቡ ተቀምጦ አስረዳው። የወላጅም ድርሻ ከአጠገብ መቀመጥ ነው።

ጎረቤታችን የሆነችው ልጅ በዚያው ሰሞን ጽሑፏን እንደ ገና ጻፈችው። በአያቷ ጥያቄዎች መሠረት ግእዙን ከአማርኛው ለየች፤ የአባ አብርሃምን ስም አስገባች፤ የገሪማን ወንጌል ጨመረች። በሌላ ምሽትም አነበበችላቸው። አዛውንቱ በደስታ ሲሰሙ ቆይተው፣ ብሉይ ኪዳን በምኒልክ ዘመን ከዕብራይስጥ ወደ ግእዝ መመለሱን ለምን እንዳልጻፈች ጠየቋት።

ልጅቱ ጥቂት አመነታች። በኋላም፣ «አባባ፣ የግእዙ ብሉይ ከሰብዓ ሊቃናት እንደ ተቀዳ ነው ያነበብሁት። ይህን ትውፊት ነው ብዬ ልጻፈው?» አለቻቸው።

ቤቱ ጸጥ አለ። አዛውንቱ መቍጠሪያቸውን እያሻሹ ጥቂት አሰቡ።

«ጻፊው» አሉ። «ትውፊት ነው ብለሽ ጻፊው። ግን እንዳትተዪው።»

ልጅቱም እንደ ተባለችው ጻፈችው።

ለአንባቢዎቻችን ሁሉ መልካም የጰራቅሊጦስ በዓል ይሁንላችሁ። በማግሥቱ ሰኞ የሚጀምረውንም ጾመ ሐዋርያት በሰላም አስጀምሮ በሰላም ያስፈጽመን።